ስኳሩ ወረደ፤ ግፊቱስ?

ደሴ ላይ ከስኳር ክትትል የሚወጣን ሰው እንዴት ሆኑ ብለው ቢጠይቁት መልሱ አንድ ቁጥር ነው። «መቶ አርባ ሆነልኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ወይም «ወርዶልኛል፣ ተመስገን»። ግፊቱ ስንት እንደነበር፣ ሽንቱ ለኩላሊት ከተመረመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ እግሩን ያየለት ሰው እንዳለ ሲጠየቅ ግን ብዙው ዝም ይላል። ስኳር ያለበትን ሰው በብዛት የሚገድለው የልብና የደም ሥር ሕመም ስለሆነ ስኳሩን ብቻ መከታተል ግማሽ ሥራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ለዓመታት ሲቆይ የደም ሥርን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል። የተጎዳው ሽፋን ስብ ያሳልፋል፤ ስቡ ከሽፋኑ ሥር እየተጠራቀመ ደም ሥሩን ያጠበዋል። ከፍ ያለ ግፊት ደግሞ ያንኑ የተጎዳ ቦታ ቀን ከሌት ይመታዋል። የስቡ ክዳን ድንገት ሲሰነጠቅ ደም እዚያው ይረጋና መንገዱን ይዘጋል። የተዘጋው የልብ ደም ሥር ከሆነ የልብ ጡንቻ ይሞታል፤ የአንጎል ከሆነ ስትሮክ ነው። ቀጫጭኖቹ ደም ሥሮች ሲጎዱ ዓይን፣ ኩላሊትና የእግር ነርቭ ይጎዳሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሳያም ነው። ለዚህ ነው «ምንም አይሰማኝም» ማለት ደህና ነኝ ማለት የማይሆነው። ቀጭን ሰው ስኳር አይዘውም የሚባለውም ስህተት ነው፤ በአገራችን ቀጫጭን የስኳር ታማሚዎች ብዙ ናቸው።

እንግዲህ የሚያዙት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ስኳር ምግብ ከመቅመስ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ሂሞግሎቢን ኤዋንሲ ከ7 በመቶ በታች፤ ዕድሜው ለገፋ ወይም ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ለሚወርድበት ሰው ሐኪሙ እስከ 8 ሊፈቅድ ይችላል። ደም ማነስ ያለበት ሰው ይህ ምርመራ ሊያሳስት ስለሚችል ለሐኪሙ አስቀድሞ ይናገር። ግፊት ከ130/80 በታች። የኩላሊት ምርመራ፣ ማለትም ክሬያቲኒን የሚባለው የደም ምርመራና የሽንት ፕሮቲን፣ በዓመት አንዴ። የዓይን ምርመራም እንዲሁ፤ «ጥርት አድርጌ አያለሁ» ማለት አይበቃም፣ ብሌን በጠብታ ተከፍቶ የዓይን ጀርባ መታየት አለበት። አንዳንድ መለኪያ በሌላ አሃድ እንደሚያነብም ይወቁ። ስክሪኑ ላይ 7 ወይም 9 የሚል ቁጥር ካዩ በ18 ያባዙት፤ 7 ማለት 126 ነው። ይህን ባለማወቅ «ስኳሬ ሰባት ገባ» ብሎ በድንጋጤ ስኳር የሚቅም ሰው አለ።

ሲለኩ የሚሳሳቱት

ግፊት ሲለካ የሚፈጸመው ስህተት ከመሣሪያው ይልቅ የአለካኩ ነው። ደሴ ዳገት ናት፤ ዳገቱን ወጥቶ፣ ወረፋ ላይ ቆሞ፣ ቁጭ እንዳለ ወዲያው የሚለካ ሰው ግፊቱ ቢጨምር አይገርምም። ለልኬቱ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ቡና አይጠጡ፣ አያጭሱ፣ ጫት አይያዙ። ሽንትዎን ይሽኑ። ወንበር ላይ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጠው አምስት ደቂቃ ይቀመጡ። ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ የሚታሰረው ጨርቅ በልብ ትክክል ይሁን። ጋቢና ሹራብ ላይ ማሰር ወይም እጅጌን ጠቅልሎ ክንድን ማጥበቅ ቁጥሩን ያዛባል፤ ክንዱ ይገለጥ። ሲለኩ አያውሩ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይድገሙና የሁለቱን አማካይ ይጻፉ። ክንዱ ወፍራም የሆነ ሰው በጠባብ ጨርቅ ከተለካ ግፊቱ ካለበት በላይ ይነበባል፤ ሰፊውን ይጠይቅ። አንድ ቀን 150/95 መሆን ብቻውን ሕመም አለ አያሰኝም፤ በሌላ ቀን ተለክቶ እንደገና ከ140/90 በላይ ከሆነ ግን ግፊት ነው።

ስኳር በቤት ሲለኩ እጅ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ይድረቅ። ብርቱካን የላጠ ወይም ሻይ በስኳር ያማሰለ ጣት ውሸት ይናገራል፤ 130 የሆነው 220 ሊል ይችላል። በአልኮል መጥረግ ግዴታ አይደለም፤ ከጠረጉ ሳይደርቅ አይውጉ። የሚወጋው የጣት ጫፍ ሳይሆን ጎኑ ነው፣ ሕመሙ ይቀንሳል። በደሴ ብርድ ጠዋት ጣት ቀዝቅዞ ደም አልወጣ ሲል ጣቱን ጨምቆ ማስገደድ ልኬቱን ያበላሻል፤ እጅን በለብታ ውሃ ማሞቅ፣ ወደ ታች አንጠልጥሎ ትንሽ ማወዛወዝ ይሻላል። ደሙ የሚነካበት ስትሪፕ ከዕቃው ወጥቶ አይቀመጥ፤ እርጥበት ያበላሸዋል። ቀኑ ያለፈበትን ወይም የሌላ መለኪያ ስትሪፕ አይጠቀሙ። መለኪያ ሲገዙ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ስትሪፑ ከተማው ውስጥ ሁልጊዜ ይገኝ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ስትሪፕ ጠፍቶ ሳጥን ውስጥ የተኛ መለኪያ በየቤቱ አለ።

ስትሪፕ ውድ ስለሆነ በየቀኑ መለካት ካልተቻለ ብልሃት አለው። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ፣ ግን ሰዓቱን እያቀያየሩ ይለኩ፦ ሰኞ ቁርስ ሳይበሉ፣ ረቡዕ ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ ከመኝታ በፊት። ሁልጊዜ ጠዋት ብቻ የሚለካ ሰው ከምሳ በኋላ 280 እየደረሰ ሳያውቅ ይኖራል። ኢንሱሊን የሚወጋ ግን ከዚህ በላይ ያስፈልገዋል።

ዳገቱ የሚናገረው

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ25 ኪሎ ሜትር ባልራቀ መንገድ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ዳገት ለደሴ ሰው ጥሩ መመርመሪያ ነው፤ ለወትሮው የሚወጡትን ዳገት ሲወጡ ደረት መሐል ላይ የሚጫን፣ የሚያፍን፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ስሜት መጥቶ ቆም ሲሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከለቀቀ የልብ ደም ሥር መጥበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ብርድ ያባብሰዋል። «ጨጓራ ነው» ብለው ተልባ እየጠጡ አይቆዩ፤ በዚያው ሳምንት ይታዩ። ድሮ ሦስተኛው እጥፋት ላይ ይመጣ የነበረው አሁን የመጀመሪያው ላይ ከመጣ፣ ወይም ተቀምጠው እያሉ ከመጣ፣ ቀጠሮ የሚጠበቅበት አይደለም።

ስኳር ያለበት ሰው ነርቩ ስለሚደነዝዝ የልብ ሕመሙ ሳያመው ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ምልክቱ ድንገተኛ ትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ምክንያቱ የማይታወቅ መዛል ነው። በሴቶች ላይ ይህ ይበዛል። የደረት ሕመም ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆየ ሰዓቱን ይመዝግቡና ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ታማሚው ራሱ አይራመድ፣ መኪናም አይንዳ። አስፕሪን የማይስማማው ካልሆነና ደም የሚያፈስ ቁስለት ከሌለው 300 ሚሊግራም ያህል አኝኮ ይዋጥ፤ 81 ሚሊግራሙ ካለ አራት ፍሬ ማለት ነው። ፊት በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተያዘ ግን ስትሮክ ነው፤ ያኔ አስፕሪን አይስጡ፣ የሚፈስ ደም ሊሆን ስለሚችል። ሁለቱንም የሚያጣራው ሆስፒታል ብቻ ነው።

የልብ ድካም ሌላ ነው። ልብ ደምን በአግባቡ መግፋት ሲያቅተው ውሃ በሳንባና በእግር ይጠራቀማል። በአንድ ትራስ ይተኛ የነበረ ሰው ሁለት ሦስት ትራስ ሲፈልግ፣ ሌሊት አፍኖት ተነስቶ መስኮት ሲከፍት፣ ቁርጭምጭሚቱ ሲጫኑት ሲሰረጉድ ይህ ነው። እንዲህ ያለ ታማሚ ያለበት ቤት ሚዛን ይኑረው። ጠዋት ሽንት ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በተመሳሳይ ልብስ ይመዘኑና ይጻፉ። በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ መጨመር ስብ አይደለም፣ ውሃ ነው፤ ትንፋሽ እስኪያጥር ሳይጠብቁ ሐኪምዎን ያግኙ። አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ቁርጭምጭሚቱ ሊያብጥ ይችላል። ያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክብደት አይጨምርም፣ ትንፋሽም አያሳጥርም።

እግር ጉዞ ለሁሉም ይጠቅማል፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ 30 ደቂቃ። ፍጥነቱ እያወሩ የሚሄዱት፣ ግን መዝፈን የማይችሉት ዓይነት ይሁን። ልቡ የተጎዳ ሰው በዳገት አይጀምር፤ ሜዳ ላይ በ10 ደቂቃ ጀምሮ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ይጨምር። ደሴ ላይ ፀሐይ ሳትወጣ በብርድ ከመውጣት ረፋድ ላይ፣ ኮምቦልቻ ላይ ግን ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት መሄድ ይሻላል።

ወጥ ቤት

የጨው ልክ ለአንድ ሰው በቀን 5 ግራም፣ አንድ የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ነው፤ በሁሉም ምግብ ውስጥ ያለው ተደምሮ ማለት ነው። ይህን በቤት ውስጥ መቆጣጠር የሚቻለው ወጥ በመቅመስ አይደለም። አንድ ኪሎ ጨው ሲገዙ ማሸጊያው ላይ ቀኑን ይጻፉ። አምስት ሰው ላለበት ቤት 40 ቀን መቆየት አለበት። በ20 ቀን ካለቀ ልኩ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ስለሚገባባቸው ወጡ ላይ ሲደገም ይበዛል፤ ሲያስፈጩ ያለ ጨው አስፈጭቶ፣ ወጡ ላይ በማንኪያ ለክቶ መጨመር ይሻላል። ቡናውን በጨው የሚጠጣ ሰውም ያንን ይቁጠረው። አፍ በአንድ ጊዜ አይለምድም፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ከቀነሱ ግን በሁለት ወር ገደማ የድሮው ወጥ ራሱ ጨው ይበዛብዎታል።

ዘይትን ደሴ ራሷ ትለይልዎታለች። በጠዋት ብርድ ጀሪካን ውስጥ የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው፤ እንዲረጋ የሚያደርገው ስብ የኮሌስትሮልን መጠን የሚያሳድገው ዓይነት ነው። ቅቤም እንዲሁ። የማይረጋውን፣ የሱፍ፣ የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት ይምረጡ። ለአንድ ሰው በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ በዚህ ሒሳብ 5 ሊትር ለአምስት ሰው ወር ይደርሳል። በጾም ወቅት ሥጋና ቅቤ ስለቀረ ልብ አረፈ ብለው የሚያስቡ አሉ። እውነት አለው፣ ግን ወጡ በዘይት ከተንሳፈፈ ጥቅሙ ይጠፋል። ከሁሉ የሚያስጨንቀው የፋሲካ ሳምንት ነው፤ 55 ቀን የጾመ አካል ላይ ቅቤና ጨው የበዛበት ዶሮ ሲመጣ የልብ ድካም ያለበት ሰው በጥቂት ቀን ያብጣል።

ጤፍ ስኳር የለውም የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ግን ብዙ ሰው ጎድቷል። ጤፍም፣ ማሽላም፣ ገብስም ስታርች ናቸው፤ ስታርች ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣል። ልዩነቱ ፍጥነቱና መጠኑ ነው። ጥቁር ጤፍና ማሽላ ከነጭ ዳቦና ከሩዝ ይሻላሉ፤ ሁለት ሙሉ እንጀራ ግን ሁለት ሙሉ እንጀራ ነው። በማዕድ አብሮ ሲበላ ልክ ይጠፋልና፣ ማዕዱ ሳይቀርብ የራስዎን ድርሻ ይለዩ፦ አንድ እንጀራ ወይም ከዚያ ያነሰ፣ አንድ ጭልፋ ምስር ወይም ሽሮ፣ ከዚያ የእንጀራውን እጥፍ ቦታ የሚይዝ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ ወይም ሰላጣ። ድንች በእንጀራ መብላት ስታርች በስታርች ነው። በሶና አጥሚት ለስኳር መድኃኒት አይደሉም። ማርም ስኳር ነው። ጁስ ቤት የሚቀርበው ስፕሪስ ሦስት አራት ፍሬ በአንድ ብርጭቆ ስለሆነ፣ ላዩ ላይም ስኳር ስለሚጨመርበት፣ አንድ ብርቱካን ልጦ መብላት ይሻላል።

የወሎ ቡና ግን የሚተው ነገር አይደለም፤ ይተው የሚልም የለም። ጉዳዩ ስኳሩ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ከገባ በአንድ መቀመጫ ስድስት ማንኪያ፣ ወደ 25 ግራም ነው። ጠዋትና ከሰዓት ከሆነ 50። በዚያ ላይ ሻይ። ከሁለት ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ግማሽ፣ ከዚያ ያለ ስኳር እያሉ መቀነስ ይቻላል። ቤት ለመጣ እንግዳ ስኳር ሳይጠይቁ ጨምሮ ማቅረብ ደግነት መሆኑ ይቅር፤ ስኳሩ ለብቻ ይቅረብ።

ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። አብሮት ለስላሳ መጠጥ ይጠጣል፤ አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው። በሌላ በኩል ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን ወስዶ ምሳውን የዘለለ ሰው ሲቅም ስኳሩ ይወርዳል፤ ላቡና የልብ ምቱ የጫቱ ይመስለዋል። የተሻለው መተው ነው።

መድኃኒቱ

ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ክኒን ሆድ ያሳምማል ብለው የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። ከምግብ ጋር፣ በ500 ሚሊግራም በቀን አንዴ ተጀምሮ በየሳምንቱ ቀስ እያለ ቢጨምር አብዛኛው ሰው ይለምደዋል። ኢናላፕሪል የሚባለው የግፊት መድኃኒት በአንዳንዱ ሰው ደረቅ ሳል ያመጣል፤ በራስዎ አያቁሙት፣ ሳል የሌለው ሎሳርታን የሚባል ምትክ አለና ይጠይቁ። ከንፈርና ምላስ ካበጠ ግን ወዲያው መድኃኒቱን አቁሞ ወደ ሆስፒታል ነው። ኢናላፕሪልም ሎሳርታንም በእርግዝና አይወሰዱም። ውሃ የሚያወጡት፣ ላሲክስና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ በጠዋት ይወሰዳሉ፤ ማታ ከተወሰዱ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ነው፣ አዛውንት በጨለማ ሲነሱ ይወድቃሉ። ስኳር ያለበትና ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ኮሌስትሮል የሚቀንሰው አቶርቫስታቲን ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ኮሌስትሮሉ «ኖርማል» ቢሆንም የልብ ሕመም አደጋን ይቀንስለታል። አስፕሪንን በየቀኑ መዋጥ ግን ለሁሉም አይደለም፤ በዋናነት የልብ ሕመም ወይም በደም መርጋት የመጣ ስትሮክ ለደረሰበት ነው።

ግፊቴ ወረደ ብሎ ማቆም ትልቁ ስህተት ነው። የወረደው በመድኃኒቱ ነው፤ ሲቆም ይመለሳል፣ ሲመለስም አይናገርም።

ለወገብና ለጉልበት ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ፤ ከኢናላፕሪልና ከላሲክስ ጋር ሲገናኙ ኩላሊት ይጎዳሉ። ለእንዲህ ያለ ሰው ፓራሲታሞል ይሻላል። ዴክሳሜታዞን መርፌ ለቀናት ስኳር ይሰቅላል። አብሽ ወይም ሽፈራው የሚጠጣ ሰው መድኃኒቱን ሳያቆም፣ ለሐኪሙም ሳይደብቅ ይጠጣ። ጠበል የሚሄድም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። በተለይ ከልጅነቱ ጀምሮ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ኢንሱሊኑ ከቆመ በቀናት ውስጥ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ ይመጣና ሕይወቱ ያልፋል። ታሞ ምግብ እምቢ ቢለው እንኳ ጭራሽ አያቁም፤ ውሃ እየጠጣ በየአራት ሰዓቱ ይለካ። ሜትፎርሚን፣ ኢናላፕሪልና ውሃ የሚያወጡት ግን በብርቱ ተቅማጥና ማስመለስ ጊዜ ለጊዜው ሊቆሙ ስለሚችሉ በዚያው ቀን ሐኪም ያማክሩ።

ኢንሱሊን ሲወጉ ደመና የሚመስለው ኤንፒኤች በእጅ መዳፍ መሐል ከ10 እስከ 20 ጊዜ ይሽከርከር፤ አይናጥ። ጥርት ካለው፣ ሬጉላር ከሚባለው ጋር በአንድ መርፌ ሲቀላቀል መጀመሪያ ጥርት ያለው ይቀዳል፣ ደመናማው ይከተላል። ተገላቢጦሽ ከሆነ ጥርት ያለው ብልቃጥ ይበከላል። ሆድ ላይ ከእምብርት አራት ጣት ያህል ርቆ፣ ወይም ታፋ ላይ፣ ቆዳን ቆንጠጥ አድርጎ ይወጋል፤ መርፌው እስከ አሥር ተቆጥሮ ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ ሰው ቆዳው ሥር እብጠት ያበጃል፤ እዚያ የገባ ኢንሱሊን በአግባቡ አይሠራም፣ ስኳሩም ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ ይላል። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከበረዶ ቤቱ ርቆ ይቀመጥ፤ የበረዶ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል። የተከፈተው ውጭ አራት ሳምንት ይቆያል፤ የከፈቱበትን ቀን ይጻፉበት። ፍሪጅ ወይም መብራት ከሌለ አንዱን ማሰሮ ትልቁ ማሰሮ ውስጥ አስገብቶ፣ መሐላቸውን አሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ማርጠብና በእርጥብ ጨርቅ ከድኖ ጥላ ላይ ማስቀመጥ ነው። ለኮምቦልቻ ሙቀት ይህ ይሠራል። ብልቃጡ ውሃ እንዳይነካው በፕላስቲክ ዕቃ ይግባ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ደግሞ የእጅ ቦርሳ ውስጥ እንጂ የመኪናው መስታወት ሥር አይቀመጥ።

ስኳር ሲወርድ፣ ከ70 በታች ሲሆን፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረሃብ፣ ንዴት፣ ግራ መጋባት ይመጣል። የልብ ምት የሚቀንሱትን አቴኖሎልና መሰሎቹን የሚወስድ ሰው መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ይሸፈንበታል፤ ላቡ ግን ይቀራል። ሦስት ከፍ ከፍ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ወይም የለስላሳ ግማሽ ጠርሙስ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ፣ ካልወጣ ይድገም፣ ሲስተካከል ምግብ ይብላ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይፍሰስ፤ ታንቆ ይሞታል። በጎኑ አስተኝቶ ወደ ጤና ተቋም። በግሊቤንክላማይድ የወረደ ስኳር ቢስተካከልም በዚያው ቀን ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል ሆስፒታል መቆየት ያስፈልጋል። በባዶ ሆድ ጠላና አረቄ ከኢንሱሊን ጋር ሌሊት ስኳር ያወርዳል፤ ቤተሰብ «ሰክሮ ተኝቷል» ብሎ ይተወዋል።

እግርን በተመለከተ አንድ የደሴ ችግር አለ፤ ማንደጃ። ነርቩ የደነዘዘ ሰው እግሩን ከሰል ዳር ሲያሞቅ መቃጠሉን አያውቀውም። ካልሲ ያድርግ፣ ጋቢ ያልብስ፣ እሳት ግን አይጠጋ። ለብታ ውሃም በክርን ተሞክሮ ነው። ማታ ማታ የእግሩን ሥርና የጣቶቹን መሐል ያይ፤ ጎንበስ ማለት ካልቻለ ልጅ ይይለት። የደነደነ ቆዳ በምላጭ አይቆረጥ። ጫማ ከሰዓት በኋላ ይለካ፣ እግር ያኔ አበጥ ይላልና።

የረመዳን ወር

መጾም የሚፈልግ ታማሚ ከአንድ ሁለት ወር በፊት ሐኪሙን ያናግር። ባለፉት ሦስት ወራት ስኳሩ ወርዶ ራሱን የሳተ፣ ኢንሱሊን የምትወጋ ነፍሰ ጡር፣ ኩላሊቱን የሚያሳጥብ፣ ልቡ በቅርቡ የታመመ ሰው ባይጾም ይሻላል፤ ለታማሚ ፈቃድ አለው። ሜትፎርሚን በማፍጠሪያና በሱሁር ይወሰዳል። ግሊቤንክላማይድ ዋናው ወደ ማፍጠሪያ ይዛወራል፣ የሱሁሩ ይቀንሳል። የጠዋቱ ኤንፒኤች ወደ ማፍጠሪያ ይሄዳል፣ የማታው ግማሹ ለሱሁር ይሆናል፤ ይህ ግን የግድ በሐኪም ይወሰን። ቀን ላይ ይለካ፣ ጣት መውጋት ጾም አያፈርስም። ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ በዚያው ደቂቃ ይፈታ፤ ማፍጠሪያው ቀርቧል ተብሎ አይጠበቅም። ቴምር አንድ ወይም ሁለት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያንም ጉዳዩ ያው ነው፤ የጠዋት ክኒኑንና መርፌውን ሳያስተካክል ባዶ ሆዱን አይዋል።

የወጣቶቹ የልብ ሕመም

እስካሁን የተባለው በስኳርና በግፊት ስለሚመጣው ነው። በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚታየው የልብ በር ሕመም ግን መነሻው በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ነው። ትኩሳት ያለው ጉሮሮ በጤና ጣቢያ ይታከም፤ እንጥል ማስቆረጥ አይከላከለውም። ሕመሙ ከያዘ የፔኒሲሊን መርፌ በየአራት ሳምንቱ ለብዙ ዓመታት፣ አንዳንዴ እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ይወጋል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ጎመን አይተዉ፤ መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ።

ወረቀቷ

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ካርድም መድኃኒትም ጥሎ የወጣ ብዙ ነበር፤ የሚወስደውን «ነጯ ክኒን» ከማለት በቀር ስሟን የማያውቅም እንዲሁ። ስለዚህ ሁለት ነገር ይደረግ። ቤትዎ ሁልጊዜ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ተጨማሪ እንዲኖር ያድርጉ፤ አሮጌውን አስቀድመው እየተጠቀሙ በአዲሱ ይተኩት። አንዲት ወረቀት ላይ ደግሞ የእያንዳንዱን መድኃኒት ስም፣ ሚሊግራሙን፣ ሰዓቱን፣ የማይስማማዎትን መድኃኒት፣ የመጨረሻውን ግፊት፣ ስኳርና ክሬያቲኒን ጽፈው ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙ። ፎቶ አንስተው ለአንድ ልጅዎ ወይም ለጎረቤት ይላኩ። መጠኑ በተለወጠ ቁጥር አሮጌው መስመር ይሰረዝ፣ አዲሱ ከነቀኑ ይጻፍ።